የማይቶኮንድሪያ በሽታ ላመጣው ዲስቶኒያ የአንጎል ጥልቅ ማነቃቂያ ቀዶ ሕክምና ይጠቅማል? ቤት ሸጦ መሄድስ ተገቢ ነው?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ጤና ይስጥልኝ። ምክር የምሻው ስለ ታናሽ እህቴ ነው። ዘንድሮ 22 ዓመት ሆኗታል። እስከ 15 ዓመቷ ድረስ ጤናማ ነበረች፤ በክፍሏም ከጎበዞቹ ተማሪዎች አንዷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ስትራመድ ቀኝ እግሯ ወደ ውስጥ መዞር ጀመረ፤ ቀስ በቀስም እጇና አንገቷ ያለ ፈቃዷ መጠማዘዝ አመጡ፤ ይህን ሐኪሞቹ ዲስቶኒያ ይሉታል። አሁን ያለ ደጋፊ አትራመድም፤ ንግግሯንም ከቤተሰብ በቀር ሌላ ሰው ለመረዳት ይቸገራል። ሲደክማት ወይም ሲያተኩሳት መጠማዘዙ ይብስባታል፤ እንቅልፍ ሲወስዳት ግን ሰውነቷ ይረጋጋል። አእምሮዋ ንቁ ነው፤ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፣ ታስታውሳለች፣ ስለ ራሷም ትወስናለች።

እንደ ብዙ የወሎ ቤተሰብ በቤታችን ሁለቱም እምነት ስላለ ጠበልም ተወስዳለች፣ ዱዓም ተደርጎላታል፤ አሁንም ከጸሎቱ አልተለየንም። ደሴ ላይ ያዩዋት ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ላኳት፤ እዚያም በኤምአርአይ ምርመራ በአንጎሏ ጥልቅ ክፍል፣ ፑታመን በሚባለው ቦታ፣ በግራም በቀኝም ተመሳሳይ ጉዳት ታየ። በደሟ ውስጥ ያለው ላክቴት የሚባል ንጥረ ነገር ከመደበኛው ከፍ ብሎ ስለተገኘም የማይቶኮንድሪያ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ተነገረን። የዘረመል ምርመራ አልተደረገላትም።

ጅዳ የምትኖረው አክስታችን በአንጎል ውስጥ ሽቦ ተቀብሮ በባትሪ የሚሠራ ሕክምና በሕንድ አገር እንደሚሰጥ ሰምታ፣ ዘመዶችን አስተባብራ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምራለች። የሚጎድለውን ለመሙላት አባቴ ያለንን አንድ ቤት ለመሸጥ ቆርጦ ተነሥቷል። ይህ ሕክምና እንደ እህቴ ላለ ሰው በእርግጥ ይጠቅማል ወይ? ከጠቀመስ ለምን ያህል ጊዜ? በሙያውም ሆነ በሕይወት ተሞክሮ የምታውቁ ብትመክሩን ውለታችሁን አንረሳም።


የነርቭ ሐኪም (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ እህትዎን ሳልመረምር የምጽፈው አጠቃላይ ማብራሪያ እንጂ የሕክምና ውሳኔ አለመሆኑን አስቀድመው ይያዙልኝ።

አክስትዎ የሰሙት ሕክምና፣ የአንጎል ጥልቅ ማነቃቂያ፣ በእኛ ሙያ ባጭሩ ዲቢኤስ ይባላል። በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ ፕሮፌሰር አሊም ሉዊ ቤናቢድ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ታላመስ የተባለውን የአንጎል ክፍል በከፍተኛ ድግግሞሽ ኤሌክትሪክ በማነቃቃት መንቀጥቀጥን ማስቆም እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ በብዙ አገሮች የተለመደ ሕክምና ሆኗል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 ለመንቀጥቀጥ፣ በ2002 ለፓርኪንሰን በሽታ፣ በ2003 ደግሞ በልዩ ፈቃድ ለዲስቶኒያ ፈቅዶታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ውፍረታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሽቦዎች በራስ ቅል ላይ በሚከፈቱ ትናንሽ ቀዳዳዎች ገብተው በተመረጠው የአንጎል ክፍል ይቀመጣሉ፤ ከዚያም ማገናኛው ከቆዳ ሥር በጆሮ ጀርባና በአንገት በኩል አልፎ፣ ከአንገት አጥንት በታች በደረት ላይ ከሚቀበር ባለ ባትሪ መሣሪያ ጋር ይያያዛል። መሣሪያው ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 130 ጊዜ ያህል አጫጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። ለዲስቶኒያ በአብዛኛው የሚመረጠው ቦታ ግሎበስ ፓሊደስ የሚባለው ክፍል የውስጠኛው ጎን ነው።

ይህ ኤሌክትሪክ የሚሠራው በእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ መስመሮች ውስጥ የሚመላለሰውን የተዛባ መልእክት ማረም ነው። የማይቶኮንድሪያ በሽታ መነሻው ግን ሌላ ነው። ማይቶኮንድሪያ ሴሎቻችን ከምግብና ከኦክስጅን ኃይል የሚያመነጩባቸው ጥቃቅን አካላት ናቸው፤ 37 ጂኖች የያዘ፣ ከእናት ብቻ የሚወረስ የራሳቸው ዲኤንኤ አላቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ 13ቱ የፕሮቲን መሥሪያ ሲሆኑ፣ ሌላው ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆነው የማይቶኮንድሪያ ፕሮቲን የሚታዘዘው በሴሉ ኒውክሊየስ (የሴሉ እምብርት) ካሉት ጂኖች ነው። በዚህ ምክንያት በሽታው በእናት በኩል ብቻም፣ ከሁለቱም ወላጆችም ሊወረስ ይችላል። ፑታመንና አካባቢው ብዙ ኃይል የሚፈጁ የአንጎል ክፍሎች በመሆናቸው ኃይል ሲያጥር ቀድመው ከሚጎዱት ውስጥ ናቸው። ዲቢኤስ ለእነዚህ ሴሎች ኃይል አይሰጥም፤ የሞተውን አይመልስም፤ በሽታውም እንዳይገፋ አያደርግም። ሊያቃልል የሚችለው መጠማዘዙን፣ ከመጠማዘዙ የሚመጣውን ሕመምና አንዳንድ ጊዜም መንቀጥቀጡን ነው።

ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ ያለን ማስረጃ በጥቂት ታካሚዎች ላይ የተጻፉ ዘገባዎች ስብስብ ነው፤ በማይቶኮንድሪያ በሽታ ላይ በብዙ ሰው የተደረገ የንጽጽር ጥናት የለም። ካሉት ዘገባዎች የምንማረው ግን አለ። ከሁሉ የላቀ ውጤት የሚገኘው ዲዋይቲ አንድ (DYT1) በሚባለው በዘር በሚመጣ ዲስቶኒያ ሲሆን፣ እነዚህ ታካሚዎች በኤምአርአይ ሲታዩ የአንጎላቸው ቅርጽ ጤናማ ነው። የአንጎሉ ጥልቅ ክፍል ራሱ በተጎዳበት ዲስቶኒያ ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ ከሰው ሰውም በጣም ይለያያል። ከማይቶኮንድሪያ በሽታዎች ወገን ከሚመደቡት መካከል ፖልጂ የተባለው ጂን ባመጣው ፓርኪንሰን መሰል ሕመም ላይ፣ መስማት አለመቻልና ዲስቶኒያ አብረው የሚታዩበት በወንዶች ላይ የሚከሠት ሌላ በሽታ ላይ፣ እንዲሁም ፓንክ ሁለት በሚባለው ጂን ሳቢያ ብረት በአንጎል የሚከማችበት በሽታ ላይ ጥሩ ለውጥ ያዩ ታካሚዎች ተመዝግበዋል፤ ከዓመታት በኋላ በሽታው ሲገፋ ለውጡ የቀነሰባቸውም አሉ። ሚዛን መሳት፣ የጡንቻ ድክመት፣ የሚጥል በሽታ፣ የዓይንና የጆሮ ችግር ዋናው ሕመም ሲሆን ግን ቀዶ ሕክምናው ፋይዳ የለውም።

ስለዚህ ቤት ከመሸጡ በፊት የበሽታው ስም ይታወቅ። ይህን አጥብቄ የምለው ለቅደም ተከተል ስል አይደለም። በኤምአርአይ ልክ እንደ እህትዎ የሚታዩ፣ በርካሽ መድኃኒት የሚታከሙ በሽታዎች ስላሉ ነው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 በሳዑዲ ዐረቢያ ታካሚዎች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው፣ ባዮቲንና ታያሚን የተባሉ ቫይታሚኖች በብዛት ሲሰጡት የሚሻሻል የአንጎል ጥልቅ ክፍል በሽታ ነው፤ በትኩሳት ጊዜ መባሱ ከመለያዎቹ አንዱ ነው። ሁለተኛው መዳብ በጉበትና በአንጎል የሚከማችበት የዊልሰን በሽታ ሲሆን፣ በደምና በሽንት ምርመራ እንዲሁም በዓይን ሐኪም መሣሪያ በዓይን ብሌን ጠርዝ ላይ የሚታይን ቀለበት በመፈለግ ይጣራል። በኤምአርአይ ባይመሳሰልም ሊታሰብ የሚገባው ሌላው፣ ሌቮዶፓ በተባለ መድኃኒት በትንሽ መጠን የሚስተካከለው ዲስቶኒያ ነው፤ በዚህኛው ኤምአርአዩ ጤናማ ስለሚሆን ለእህትዎ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ሆኖም ሌቮዶፓን ለተወሰነ ጊዜ በሐኪም ክትትል መሞከር የሚያስወጣው ጥቂት ነው። እነዚህ ተሞክረው እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።


የሆጤዋ እናት (ደሴ)

ልጄ፣ እግዚአብሔር እህትህን ይማርልህ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ባለቤቴ በፓርኪንሰን ሲሠቃይ ኖሮ ልጆቻችን ውጭ አገር ወስደውት ይኸው መሣሪያ ተቀብሮለታል። በሽታው ከእህትህ ጋር አንድ ባይሆንም መሣሪያው አንድ ስለሆነ ስለ እሱ ልንገርህ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቀዶ ሕክምናው ነው። እኔ ከዚያ ይልቅ የምነግርህ በኋላ ስላለው ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ መሣሪያው ገና አልተስተካከለም ነበር። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሐኪሙ ከውጭ ሆኖ በኮምፒውተር መሰል መሣሪያ የኤሌክትሪኩን ኃይልና የሚሠራበትን ነጥብ ይለዋውጣል፤ አንዱን ሲጨምር እጁ ይረጋጋል፣ ምላሱ ግን ይያያዛል፤ ሲቀንስ ንግግሩ ይመለሳል፣ መንቀጥቀጡም አብሮ ይመለሳል። የሚስማማው መጠን እስኪገኝ ወራት ወሰደ። ያን ጊዜ ሁሉ የኖርነው ከልጃችን ቤት፣ ከሆስፒታሉ አጠገብ ስለነበር ቻልነው። ደሴ ሆነን ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደምንችለው አላውቅም።

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ መንገድ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶ፣ ሆስፒታሉ ተዘርፎ እንደነበር አንተም ታውቃለህ። የባለቤቴ ባትሪ ያን ጊዜ አልቆ ቢሆን ወዴት እንወስደው ነበር? ክፉ ቀን ዳግም አይምጣ እንጂ፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ በሰውነቱ የያዘ ሰው ከሚያስተካክልለት ሰው ጋር ያለው መንገድ እንዳይዘጋበት አስቀድሞ ማሰብ አለበት። በባለቤቴ አልጸጸትም፤ እጁን ይዞ ቡናውን በራሱ ይጠጣል። ለአንተ የምለው ግን፣ ገንዘቡን ስትቆጥሩ የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ።


ፋርማሲስት ከፒያሳ (ደሴ)

ከሐኪሙ ማብራሪያ ላይ የምጨምረው ስለ መድኃኒት ነው፤ ምክንያቱም ታካሚዋ እስክትመረመር ድረስ በየጤና ተቋሙና በየመድኃኒት ቤቱ የሚሰጣት ነገር ሊጎዳት ይችላል።

በሽታዋ የማይቶኮንድሪያ ሊሆን ይችላል ከተባለ፣ ሶዲየም ቫልፕሮኤት የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያለ ነርቭ ሐኪም ውሳኔ አትውሰድ። በተለይ የፖልጂ ጂን ችግር ካለ ጉበትን ለሞት በሚያደርስ ደረጃ ሊጎዳ እንደሚችል በሚገባ የታወቀ ነው። እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉት መርፌዎች በአንዳንድ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ለውጦች ላይ የመስማት ኃይልን በድንገት ሊያጠፉ ስለሚችሉ፣ ሌላ አማራጭ ባለበት ጊዜ አማራጩ ይሻላል። ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ በብዙዎቻችን ዘንድ ፕላሲል የሚባለው፣ እና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ደግሞ በራሳቸው ዲስቶኒያ የሚያስነሡ ናቸው። እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከሕክምና ካርዷ ጋር አያይዙት፤ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ብትገቡ የሚያያት ባለሙያ ታሪኳን ላያውቅ ይችላልና።

በከተማችን በአብዛኛው የሚገኙት ትራይሄክሲፌኒዲል (አርቴን)፣ ባክሎፌንና ዲያዜፓም ናቸው። አርቴን በወጣቶች ዲስቶኒያ ላይ በዝግታ እየተጨመረ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ይረዳል። በአንዴ ማቋረጥ ግን አይገባም፤ ባክሎፌንም እንዲሁ። የምትወስደው መጠን ስንት እንደሆነ ብትገልጹ ከሐኪሟ ጋር የምትነጋገሩበት ነጥብ ይኖራችኋል፤ በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ ሳይጨመር ለዓመታት የሚቀጥል መድኃኒት ብዙ ጊዜ ስለማይ ነው የምጠይቀው።


የቦርከና ልጅ

ዶክተር፣ እናታችን፣ ፋርማሲስት፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለአባቴ ሁሉንም አነበብኩለት።

የተጠየቅሁትን ልመልስ። አርቴን በቀን ሁለት ጊዜ ትወስዳለች፤ ከተጀመረላት ወዲህ መጠኑ አልተጨመረም። ባዮቲንና ታያሚን፣ ሌቮዶፓም ተሰጥተዋት አያውቁም። የዊልሰን በሽታ የተባለው በደም ተመርምሮ እንደሆነ የያዝነው ወረቀት ላይ አላገኘሁም፤ ዓይኗን ግን ለዚህ ብሎ ያየላት ሐኪም የለም። እናቴ ጤናማ ናት፣ ከወንድሞቿም ከእህቶቿም እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት የለም። አባቴና እናቴ ግን ዝምድና ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ናቸው።

አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል። ሕንድ ካለው ሆስፒታል ጋር የሚያገናኝ ሰው በስልክ ሲያነጋግረን «ቶሎ ካልተሠራ ዕድሉ ያልፋል» ብሎናል። እውነት መዘግየቱ ይጎዳታል?


የነርቭ ሐኪም (አዲስ አበባ)

የሰጡኝ መልስ ብዙ ነገር ያሳያል። ወላጆች የሚዛመዱ ሲሆኑ፣ ከሁለቱም ወላጆች አንድ አንድ የተበላሸ ጂን ወርሶ የሚመጣ በሽታ የመኖር ዕድሉ ከፍ ይላል። ባዮቲንና ታያሚን የሚሹትም ሆነ ዊልሰን የሚባለው በዚህ መንገድ የሚወረሱ ናቸው፤ ከማይቶኮንድሪያ በሽታዎችም ብዙዎቹ እንዲሁ። ስለዚህ ሁለቱን ቫይታሚኖች ማስጀመር የዘረመል ውጤት እስኪመጣ ሊጠበቅለት የማይገባ ነገር ነው፤ መጠኑን ሐኪሟ በክብደቷ ይወስናል፤ ለወራትም ተሰጥቶ ለውጡ በቪዲዮ እየተቀረጸ ቢነጻጸር መልካም ነው።

ስለ መዘግየቱ፦ በዲስቶኒያ ላይ ዓመታት ሲያልፉ መገጣጠሚያዎች ይደርቃሉ፣ ጅማቶች ያጥራሉ፣ አከርካሪም ይጣመማል፤ እነዚህን ኤሌክትሪክ አያቃናቸውም። ከዚህ አንጻር ለዓመታት መዘግየት ይጎዳል መባሉ ትክክል ነው። የበሽታውን ስም ለማወቅ የሚወስዱት ጥቂት ወራት ግን ዕድሉን አያሳልፉትም። በስልክ የሚያጣድፍ ሰው ኤምአርአይዋን ሳያይ፣ ጂኗ ሳይታወቅ፣ ልቧ ሳይመረመር እንዲህ ማለቱ ያሳስበኛል።

ልቧን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። የማይቶኮንድሪያ በሽታ የልብን ጡንቻና የልብን የኤሌክትሪክ መስመር ሊነካ ስለሚችል ከማንኛውም ማደንዘዣ በፊት ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋታል። ማደንዘዣው ራሱ ጥንቃቄ ይሻል፦ ለረጅም ሰዓት ምግብ መከልከል ኃይል በሚያጥረው ሰውነት ላይ ከባድ በመሆኑ በጾሙ ሰዓት ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጣል፤ ፕሮፖፎል የተባለውን ማደንዘዣ ለረጅም ጊዜ ማንጠባጠብ አይመከርም፤ የሰውነት ሙቀትም በቅርብ ይጠበቃል። የሚሄዱበት ሆስፒታል የማደንዘዣ ሐኪሞች የማይቶኮንድሪያ ታካሚን ተቀብለው የማያውቁ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈለግ። ይህ ቀዶ ሕክምና በሚደረግለት በማንኛውም ሰው ላይ የአንጎል ደም መፍሰስ ከመቶ ሰዎች በአንድ ወይም በሁለት ያህል ያጋጥማል፤ የመሣሪያው አካባቢ መመረዝ ደግሞ ከዚያ ይበዛል፤ ሲመረዝም ብዙ ጊዜ መሣሪያውን ማውጣት ግድ ይሆናል።


የልጄ አባት (ሐይቅ አካባቢ)

ይህን ሁሉ ሳነብ የራሴ ነገር መጣብኝ። የመጀመሪያ ልጄ በሊ ሲንድሮም ነው ያረፈው። በእንግሊዝ አገር ዴኒስ ሊ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1951 የገለጹት የማይቶኮንድሪያ በሽታ ነው። ኤምአርአዩ በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ጉዳት ያሳየ ነበር። እኛም ላምና መሬት ሸጠን የሄድንበት ቦታ ነበር፤ ልጁም አልተረፈ፣ ከኋላው ያሉት ልጆቼም ትምህርታቸው ተስተጓጎለ።

ወንድሜ፣ ክፉ እንዳትለኝ። እህትህ ትታከም፣ ግን አባትህ ቤቱን እንዲሸጥ አትፍቀድ። የማያድን ሕክምና ከሆነ፣ ያ ገንዘብ ለምግቧ፣ ለተንከባካቢዋ፣ ለተሽከርካሪ ወንበሯ፣ ለፊዚዮቴራፒዋ ቢውል ለብዙ ዓመት ያኖራታል። ሐኪሞች «ሊያቃልል ይችላል» ሲሉ ቤተሰብ የሚሰማው «ይድናል» የሚለውን ነው። እኔም የሰማሁት እንደዚያ ነበር።


የሆጤዋ እናት (ደሴ)

ወንድሜ፣ ልጅህን ነፍስ ይማር፤ ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ። ስለ ቤቱ ያልኸውን እኔም እደግፋለሁ። ግን የማያድን ሁሉ ከንቱ ነው በሚለው አልስማማም። የባለቤቴ ፓርኪንሰን አልዳነም፤ በየዓመቱም ይገፋል። ሆኖም ቀድሞ ሌሊቱን ሙሉ እኔ ሳገላብጠው የነበረ ሰው ራሱን ችሎ ይተኛል። ልጅቷ አእምሮዋ ሙሉ ነው ተብሏል። ቁጭ ብላ መብላት፣ ያለ ሕመም መዋል፣ ስሟን መጻፍ ብትችል ለእሷ ትንሽ ነገር ነው ወይ? ይህንን እኛ ሳንሆን እሷ ብትጠየቅ።


የነርቭ ሐኪም (አዲስ አበባ)

ሁለቱም የተናገሩት በእኛ ሥራ በየቀኑ የምንመዝነው ነው። አንድ ልዩነት ግን ላስገባ። በሊ ሲንድሮም የተያዘ ሕፃን ብዙ ጊዜ የአተነፋፈስ ማዕከሉ በሚገኝበት የአንጎል ግንድ ይጎዳል፤ ሕይወቱን የሚያሳጥረው ያ በመሆኑ ዲቢኤስ ቦታ የለውም። በዐሥራዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ለዓመታት በዝግታ የሄደ፣ አእምሮን ያልነካ፣ ዋናው ሥቃይ መጠማዘዝ የሆነበት ሕመም ሌላ ነው። ቀዶ ሕክምናውን ለማሰብ የምንደፍረው በእንዲህ ያለው ታካሚ ላይ ነው።

ሳይታሰብ የሚያጣድፍ አንድ ሁኔታም አለ፤ ቤተሰቡ ሊያውቀው ይገባል። ዲስቶኒያ ያለበት ሰው በኢንፌክሽን፣ በድርቀት ወይም በመድኃኒት መቋረጥ ምክንያት መጠማዘዙ ፋታ የሚያሳጣ ማዕበል ሊሆንበት ይችላል፦ እንቅልፍ ያጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሽንቱም እንደ ጥቁር ሻይ ይጠቁራል። ሽንቱ የሚጠቁረው ጡንቻ እየፈረሰ ስለሆነ ኩላሊት ሊቆም ይችላል። ይህ ከታየ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መግባት እንጂ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። በመድኃኒት አልበርድ ያለ እንዲህ ያለ ማዕበል በዲቢኤስ የቆመላቸው፣ ሕይወታቸውም የተረፈ ታካሚዎች አሉ።

መሣሪያ መቅበርና መከታተል ለማይቻልበት ቤተሰብ ሌላም መንገድ አለ። ያንኑ የግሎበስ ፓሊደስ ነጥብ በሙቀት በጥቂቱ ማቃጠል ፓሊዶቶሚ ይባላል፤ ባትሪ የለውም፣ ማስተካከያ አይፈልግም፣ ወጪውም ያነሰ ነው። የተቃጠለው ግን አይመለስም፤ በሁለቱም ጎን ሲደረግ ንግግርንና መዋጥን የመጉዳት ሥጋት አለው፤ የእህትዎ ንግግር አስቀድሞ የደከመ በመሆኑ ይህን እንደ መጀመሪያ ምርጫ አላየውም። አንገቷ ላይ ብቻ ለበረታው መጠማዘዝ የተወጠረን ጡንቻ የሚያላላ የቦቱሊነም መርፌ በየሦስት ወሩ ገደማ እየተሰጠ ሊያቀልላት ይችላል።


ሐረጎ (ኮምቦልቻ)

የሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያ ነኝ። ስለ ባትሪው ጥቂት ልበል።

የማይሞላው ዓይነት ባትሪ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል። ለዲስቶኒያ ግን ከፍ ያለ ኤሌክትሪክ ስለሚያስፈልግ ከዚያም ሊያንስ ይችላል፤ ባለቀ ቁጥር መሣሪያውን በቀዶ ሕክምና መቀየር ግድ ነው። የሚሞላው ዓይነት ከ10 ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ዋጋው ሲገዛ ይበልጣል፣ ታካሚዋ በየጥቂት ቀኑ ወይም በየሳምንቱ ከቆዳዋ ውጭ በሚደረግ መሙያ ትሞላዋለች። በከተማችን መብራት ከሄደ ለሰዓታት መቆየቱ የተለመደ ስለሆነ መሙያውን በየጊዜው ሞልቶ ማስቀመጥና ትንሽ የመጠባበቂያ ባትሪ ወይም የፀሐይ ኃይል መሙያ ቤት ውስጥ ማኖር ያስፈልጋል። ባትሪ በድንገት ሲያልቅ ዲስቶኒያው ቀድሞ ከነበረውም በከፋ ኃይል ሊመለስ ይችላል፤ ዶክተሩ የጠቀሱት ማዕበል የሚነሣበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

ከተቀበረ በኋላ ዲያተርሚ የሚባለው የፊዚዮቴራፒ ማሞቂያ ለዘላለም ክልክል ነው፤ በሽቦው በኩል አልፎ አንጎልን ሊያቃጥል ይችላል። ኤምአርአይ መነሣትም በመሣሪያው ሞዴል ይወሰናል። ወደፊት አንጎሏን መከታተል ስለሚያስፈልግ ከመግዛታችሁ በፊት «በየትኛው ጥንካሬ ባለው ኤምአርአይ መነሣት ይቻላል?» ብላችሁ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። የመሣሪያውን መለያ ካርድ ሁልጊዜ ትያዘው።


የቦርከና ልጅ

ትናንት ማታ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት ለራሷ ለእህቴ ሁሉንም አንድ በአንድ አነበብኩላት። እስከ ዛሬ ስለ እሷ ስንመክር እሷን ጠይቀን አለማወቃችን የታወሰኝ የሆጤዋ እናታችን ከጻፉ በኋላ ነው። ረጅም ሰዓት ወስዳ የተናገረችው ይህን ነው፦ ከሁሉ የሚያስጨንቃት አለመራመዷ ሳይሆን የአንገቷ ሕመምና ሰው ንግግሯን አለመረዳቱ ነው፤ ቤቱ በእሷ ምክንያት እንዲሸጥም አትፈልግም።

አባቴ ሽያጩን አቁሟል። አክስቴ ያሰባሰበችው ገንዘብ ለዘረመል ምርመራው ይውላል ተብሎ ተወስኗል። ዶክተር፣ ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። ናሙናው ከደም ይበቃል? ታናሽ ወንድማችን 12 ዓመቱ ነው፣ ምንም ምልክት የለውም፤ እሱንስ እናስመርምረው?


የነርቭ ሐኪም (አዲስ አበባ)

ለአብዛኞቹ የኒውክሊየስ ጂኖች ደም ይበቃል። የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ለውጦች ግን በአንድ ሰው ውስጥ ከአካል ክፍል አካል ክፍል መጠናቸው ይለያያል፤ አንዳንዶቹ ከዕድሜ ጋር ከደም እየቀነሱ ስለሚሄዱ በደም ሳይገኙ በሽንት ወይም በጡንቻ ናሙና ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ደሙ ሲላክ የኒውክሊየስም የማይቶኮንድሪያም ዲኤንኤ አብሮ እንዲነበብ ይጠይቁ፤ ከተቻለም የአባትና የእናት ናሙና አብሮ ይላክ፣ ውጤቱን ለመተርጎም በእጅጉ ያግዛልና። የኤምአርአዩን ፊልም ብቻ ሳይሆን ዲስኩን ቅጂ አድርጋችሁ ያዙ።

ወንድማችሁን አሁን አትመርምሩት። የእህቱ ጂን ሲታወቅ፣ በሽታው መድኃኒት ያለው ዓይነት ከሆነ እሱ ምልክት ሳይጀምረው መታከም ስለሚችል በዚያው ሳምንት ይመርመር። መድኃኒት የሌለው ከሆነ ግን አድጎ ራሱ እስኪወስን ይቆይ። ቫይታሚኖቹን በተመለከተ ደሴ የሚያዩዋትን ሐኪም በዚህ ሳምንት ያነጋግሩ፤ ስለ አርቴኑ መጠንም አብራችሁ ጠይቁ። ለአንገቷ ሕመም የቦቱሊነም መርፌ የሚሰጥበትን ቦታ እኔ አጣርቼ እዚሁ እጽፍልዎታለሁ።